ፈሳሽ ማሸጊያ ወይስ ማስቲሽ?

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እሾህን ያውቀዋል። ወይ ካላማዳሪው (የውስጥ ጎማው) ውስጥ ቀድሞ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ማሸጊያ ይጨምራል፣ ወይ ጎማው ሲተነፍስ በማስቲሽ ይለጥፋል።

ፈሳሹ ለእሾህ ግሩም ነው። ጎማው ሲሽከረከር ቀዳዳው ጋ ይደርሳል፤ ፊስ ይልና፣ ጠብታ ያሳይና ዝም ይላል። እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይደፍናል። ጠርሙስ ለሰነጠቀው ግን አይሆንም። የላቴክሱ (ወተት መሳዩ የጎማ ፈሳሽ) ዓይነት በወራት ውስጥ ይደርቃል። ቫልቩንም ሊደፍን ስለሚችል ስትነፉ ቫልቩን ወደ ላይ አድርጉት።

ማስቲሽ ርካሽ ነው። በደንብ ፈግፍጋችሁ ከለጠፋችሁት ካላማዳሪው እስኪያረጅ ይቆያል። ጣጣው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ጎማ መፍታቱ ነው።

እኔ ፈሳሹን እመርጣለሁ፤ ማስቲሹም ከቦርሳዬ አይጠፋም። ፈሳሽ የነካው ካላማዳሪ ግን በደንብ ካልተጠረገ ማስቲሽ አይዝለትም። ጎሚስታውም ያንን ዝልግልግ ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል።