ዜኒት ኢ፦ በጾም ወራት የምይዘው ካሜራ

ሥራዬ ሰርግ ማንሳት ነው። ጥር ላይ በአንድ ቅዳሜ ብቻ ከሺህ በላይ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሰኞ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ስመርጥ ግን የሙሽራዋ ፊት እንኳን በቅጡ ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሰርግ ሲቆም ዲጂታሉን አስቀምጬ ዜኒት ኢ የተባለውን የሶቪየት ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ስለ እርሱ የሚጠይቁኝ በዝተዋልና የማውቀውን ልናገር።

ዜኒት ኢ ሞስኮ አጠገብ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ በፈረንጆቹ 1965 መመረት የጀመረ ሲሆን ከሌንሱ ጋር አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባትሪ የለውም። የሹተሩ (ተከፍቶ ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚያሳርፈው መጋረጃ) ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ብቻ ነው። የኔው ላይ ያለው ሄሊዎስ 44-2 ሌንስ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ራሱ አይዘጋም፤ ከፍታችሁ ምስሉን ታጠራላችሁ፣ ከዚያ ቀለበቱን በእጃችሁ አዙራችሁ ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ ትጫናላችሁ። አንዷን ከረሳችሁ ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው። እኔን ያሳረፈኝ ይኸው ነው። ዓይንን ጨፍኖ ትንፋሽ መቁጠር ለኔ አልሆነም፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ግን ሐሳቤም አብሮ ይሰበሰባል።

ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ቤት ገብቼ ነበር። ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 2 ከፍቼ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) በ1/30 ከማንሳት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ የሚንቀሳቀስ እጅ ይደበዝዛል። ቁጭ ብዬ ሳይ ሸማኔው መርገጫውን ከረገጡ በኋላ መወርወሪያውን ከመላካቸው በፊት እጃቸው ለቅጽበት ቀጥ ይላል። በዲጂታል ቢሆን በሰከንድ አሥር ጊዜ ተኩሼ እወጣ ነበር እንጂ ይህቺን አላያትም። ሹተሩ ጧ ሲል (ድምፁ ቅዳሴ ላይ የሚያሳፍር ነው) ቀና አሉና፣

«እስቲ አሳየኝ ልጄ» አሉኝ።

«ገና አልታጠበም አባባ፤ ፊልም ነው።»

«ታዲያ መውጣቱን በምን አወቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን የድሩ ክሮች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ደጅ ላይ በተሰቀሉት ነጠላዎች መካከል ያነሳሁት ደግሞ ከበስተጀርባው የባሕር ዛፉ ቅጠል ክብ ሠርቶ የሚሽከረከር ይመስላል፤ ሄሊዎስ የሚወደደው በዚሁ ነው። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ በነበሩት ሰርጎች ከመተኮሴ በፊት የሰዎችን እጅ መጠበቅ ጀመርኩ፤ የማስረክበው ፎቶ ቁጥር ቀነሰ፣ ደንበኛ ግን አልከፋውም።

ጉድለቱ ብዙ ነው። ማያ መስኮቱ ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ያነሰ ስለሚያሳይ ያላያችሁት የመብራት እንጨት ጠርዝ ላይ ብቅ ይላል። የብርሃን መለኪያው በአብዛኞቹ ላይ በእርጅና ደክሟል፤ እኔ ጭራሽ አላየውም። በጠራ ፀሐይ ባለ 400 ፊልም (ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃን ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀበል ይነግራል) ጭኜ አፐርቸር 16፣ ፍጥነት 1/500 አደርጋለሁ፣ ይበቃኛል። ስትገዙ ጀርባውን ክፈቱና የሹተሩ ጨርቅ አለመበሳቱን በብርሃን እዩ።

ዋናው ጣጣ ፊልሙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘቱም ማሳጠቡም አድካሚ ነው፤ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ አዲሶቹ የአየር ማረፊያ ሲቲ ስካነሮች (ሻንጣ በጨረር የሚፈትሹት) ያበላሹታልና በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። የሚያመጣላችሁ ከሌለ አትግዙት፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።