መስቀልን ወንዝ ዳር ላሳለፉልን ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን

ኮሎራዶ፣ ኦሮራና ዴንቨር ያላችሁ ወገኖች፣ ይህቺን ታገሱና አንብቡልኝ። ምስጋናም ናት፣ ጥቆማም ናት። የዘንድሮን መስቀል ቤተሰቤን ይዤ ያሳለፍኩት ድንኳን ውስጥ ነው፣ ትራውት የሚባለውን የወንዝ ዓሳ ለማጥመድ ሄደን። ይዘውን የሄዱት አባት ባይኖሩ ዓሳው ቀርቶ ሌሊቱንም አንችለውም ነበር።

ስማቸውን እዚህ አላወጣም። «ሶሻል ሚዲያ ላይ እንዳትሰቅለኝ» ብለውኛል። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ስልካቸውን እሰጣለሁ፣ ይህን ፈቅደዋል።

ጋሼ ያደጉት ባሌ ጎባ ነው። በነገራችን ላይ ዲንሾ አካባቢ፣ ዌብ ወንዝ ውስጥ ትራውት እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የአገሩ ዓሳ አይደለም፣ ድሮ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። እሳቸው የማጥመጃ ዘንግ የጨበጡት ግን እዚህ ከመጡ በኋላ ነው። ለዓመታት ታክሲ ነዱ፣ ጡረታ ሲቃረብ ወንዝ ገቡ፣ በዚያው ቀሩ። አሁን በስቴቱ በተመዘገበ ድርጅት ስር ነው የሚሰሩት። ይቺን ልብ በሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ ሰው ዓሳ የሚያስጠምድ ሁሉ በተመዘገበ ድርጅት ስር መሆን አለበት። ማንንም ስትቀጥሩ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

የወሰዱን ኢለቨን ማይል ካንየን ነው። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ በሀይዌይ 24 ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ሌክ ጆርጅ ስትደርሱ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ከግድቡ ስር ወጥቶ በድንጋይ ገደል መሃል ይወርዳል። መንገዱ የድሮው የኮሎራዶ ሚድላንድ ባቡር ሃዲድ የነበረበት ነው፣ ዛሬም በባቡሩ ዋሻዎች ውስጥ በመኪና ታልፋላችሁ። ልጄ ዋሻው ውስጥ ክላክስ ካልነፋችሁ ብላ አበደች። መስከረም ላይ ደግሞ አስፐን የሚባለው ዛፍ ቢጫ ስለሚሆን ተራራው አደይ አበባ የወጣበት ይመስላል።

አሁን ወደ ዓሳው። በበጋ ያ ወንዝ ሰው በሰው ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ግን ተማሪው ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ቱሪስቱ ተመልሷል። ችግሩ ውሃው ይቀንስና እንደ መስታወት ይጠራል። ዓሳው ጥላችሁን ሳይቀር ያያል። ትልልቆቹ ነፍሳትም አልቀዋል። የሚቀሩት ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ ጠዋት ፀሐይ ውሃውን ሞቅ ስታደርገው የሚወጣው ትሪኮ፣ ከሰዓት ሲደምን የሚመጣው ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ። እኛ ያጠመድንበት ድራይ ፍላይ ማለት እንግዲህ እነዚህን አስመስሎ በመንጠቆ ላይ በላባና በክር የተሰራ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዝንብ ነው። ዓሳው ወደ ላይ መጥቶ ሲጎርሰው በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሱሱም እዚያ ላይ ነው።

ጋሼ ከኪሳቸው ትንሽ ሳጥን አውጥተው አንዷን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አስቀመጡልኝ። የጥፍራቸውን ግማሽ እንኳ አልሸፈነችም። መንጠቆዋ ቁጥር 22 ናት፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እያነሰ ነው የሚሄደው። ክሩ ደግሞ ሲክስ ኤክስ የሚሉት ነው፣ ዓይኔን አጨንቁሬም ፈልጌ አጣሁት። እሳቸው በዚያ ብርድ፣ ያለ ጓንት፣ እያወሩ ቋጠሩት። ከመጥበቁ በፊት ቋጠሮውን ምራቅ ቀባ አደረጉት። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይሞቅና ክሩን ያዳክመዋል አሉ።

ከዚያ ትምህርቱ ጀመረ። አብዛኛው ትምህርት አለመወርወር ነው። ቆመን ውሃውን አየን። «ያቺን ዓሳው ውሃው ላይ የሰራትን ክብ አየሃት? ቆይ፣ መልሶ ይመጣል።» እውነትም እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መጣ። ዝንቧ ወንዙ በሚሄድበት ፍጥነት ብቻ ነው መሄድ ያለባት። ክሩ ትንሽ ከጎተታት ዓሳው ፊቱን ያዞራል። «ልጄ፣ ክሩን ወንዙ ወደሚመጣበት ገልብጠው። ዝንቧን አትንካት፣ ክሩን ብቻ» እያሉ ከጎኔ አልጠፉም። ዓሳው ሲጎርስ ደግሞ እጄን ይዘው «ተወው! አፉን ይዝጋ!» ይላሉ። ለዚህ ለዚህ ብዬ ሰው ቀጥሬ፣ ስልኩን ሲነካካ ውሎ ሂሳቡን ተቀብሎ የሄደም አጋጥሞኛል። ስለዚህ ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

ሌላው ሰው ደመና ሲመጣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ጋሼ እጃቸውን ያፋትጋሉ። ከሰዓት ሰማዩ ጥቁር ሲል ነው ልጄ የመጀመሪያዋን ብራውን ትራውት የያዘችው። ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። እጇን መጀመሪያ ውሃ አስነክረዋት፣ ዓሳውን ከውሃው ብዙም ሳያወጡ፣ ጥርስ የሌለውን መንጠቆ ነቀል አድርገው ለቀቁት። ከግድቡ ስር ባለው የላይኛው ክፍል የያዛችሁትን ትራውት ሁሉ መልቀቅ ግዴታ ነው። አማቴ በስልክ «ታዲያ ምን ልትበሉ ሄዳችሁ?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን እዚህ ላይ ነው። ዳር ዳሩን ስንሄድ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ትልልቅ ዓሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። የባለቤቴ ወንድም ዓይኑ ፈጠጠ። ጋሼ ከለከሉት። ብራውን ትራውት እንቁላል የሚጥለው በዚህ ወቅት ነው፣ ከታቹ የነጣውና የተጠረገው ጠጠር ጎጆው ነው። «እዚህ መርገጥም የለም፣ መወርወርም የለም።» «ከፍለናል እኮ ጋሼ» ሲላቸው፣ «ከፈለክ የከፈልከውን እመልስልሃለሁ» አሉት፣ ሳይቆጡ። ዝም አለ። ሌላ ቦታ ሄደን አጠመድን።

ካምፑ ከአዲስ አበባ ከፍ ይላል፣ ማታ ውሃ ይረጋል። የፈላ ውሃ ሙቀት በሚችል የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ እግራችሁ ስር አድርጉ፣ ይህቺ የጋሼ ዘዴ አድናናለች። ድብ ስላለ ምግብ ብቻ ሳይሆን የጥርስ ሳሙናም መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ጋዝ ላይ ሽሮ ሰራን፣ ድርቆሽ ፍርፍር በላን። መስከረም 16 ማታ ደግሞ ደመራ አማረን። ጋሼ የእሳት እገዳ አለመኖሩን ከመምጣታችን በፊት ደውለው አጣርተው ነበር። በካምፑ የብረት ቀለበት ውስጥ ትንሽ ደመራ ለኮስን፣ ጨፈርን፣ ጎረቤት ድንኳን ያሉ ፈረንጆችም መጥተው አጨበጨቡ። ሲያልቅ ጋሼ ውሃ አፈሰሱበት፣ በእንጨት አማሰሉት፣ ደግመው አፈሰሱበት። በመጨረሻ ባዶ እጃቸውን አመዱ ውስጥ ከተው ዳሰሱት። ሙቀት እስካለ ድረስ እሳት አልጠፋም ይላሉ።

እንከን ካላችሁኝ፣ ማታ ወሬ ከጀመሩ አያባሩም። ርካሽም አይደሉም። ዘንጉ፣ የውሃ ሱሪው፣ ዝንቡ ሁሉ ግን የእሳቸው ነው። የማጥመድ ፈቃድ ለየራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አያስፈልግም። ፖላራይዝድ መነጽር ያዙ፣ ያለሱ ዓሳውን አታዩትም። ከቻላችሁ የስራ ቀን ምረጡ፣ ቅዳሜና እሁድ ቀድሞ ይያዛል።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የምትሄዱ ደግሞ ቡናችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሳቸው ቡና ቀጭን ነው።