ላሊበላ፣ አክሱምና ጎንደር፦ በድርጅት የቡድን ጥቅል ወይስ በራስ ቡድን?

የሰሜኑን የታሪክ መስመር ለማየት ያሰበ ሰው ሁሉ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ 15 እና 20 ሰው በሚሰበስብ አስጎብኚ ድርጅት ጥቅል መሄድ ይሻላል ወይስ አራት አምስት ወዳጅ ሆኖ የራስን ትኬት ቆርጦ፣ የራስን አልጋ ይዞ፣ በየከተማው የአካባቢውን አስጎብኚ መቅጠር? መልሱ የኋለኛው ነው። ጥቅሉ የሚያዋጣው በጥቂት ሁኔታዎች ነው፤ እነሱም ታች ተጽፈዋል።

ከገንዘቡ እንነሳ። የጥቅል ዋጋ ሁለት ዓይነት ወጪ ተደባልቆ አንድ ቁጥር ሆኖ የሚቀርብበት ነው። አንዱ በነፍስ ወከፍ የሚቆጠር ነው፦ የአውሮፕላን ትኬት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ መግቢያ። 5 ሆናችሁ ብትሄዱም 18 ሆናችሁ፣ ይሄ በሰው ላይ እምብዛም አይለወጥም። ሌላው ለቡድኑ አንዴ የሚወጣ ነው፦ የመኪና ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የሾፌር አበል፣ የአስጎብኚ ክፍያ፣ ጀልባ። ሰው ሲበዛ የሚረክሰው ይሄ ብቻ ነው። ለስሌት ያህል የቡድኑ ወጪ 60,000 ብር ነው እንበል። ለ5 ሰው ሲካፈል 12,000 ይደርሳል፣ ለ10 ሰው 6,000፣ ለ15 ሰው 4,000። ከ5 ወደ 10 ስትሄዱ በነፍስ ወከፍ 6,000 ብር ይቀንስላችኋል፤ ከ10 ወደ 15 ስትሄዱ ግን 2,000 ብቻ። ጥቅሉ ቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ያቺም 2,000 ለድርጅቱ ትርፍ ትሆናለች እንጂ ወደ እናንተ ኪስ አትመለስም። ስለዚህ «ሰው ስለበዛ ይረክሳል» የሚለው ወሬ እስከ 8 እና 10 ሰው ድረስ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግፊያ ብቻ ነው የሚተርፈው። በተለይ 13 እና 14 ሰው ከመሆን ተጠንቀቁ። ሚኒባሱ አይበቃም፤ ኮስተር ይከራያል፤ የኮስተሩን ባዶ ወንበር ዋጋ የምትሸፍኑት እናንተው ናችሁ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ወጪ የአስጎብኚው ነው። ጥቅሉ ላይ «ከአዲስ አበባ አብሮ የሚጓዝ ባለሙያ አስጎብኚ» የሚል መስመር አለ። የዚህ ሰው የአውሮፕላን ትኬት፣ አልጋው፣ ምግቡና የቀን ክፍያው በሙሉ በእናንተ ላይ ይካፈላል። ላሊበላና አክሱም ላይ ግን የአካባቢው አስጎብኚዎች በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ ቦታውን በደንብ የሚያስረዳችሁ እዚያ ተወልዶ ያደገው ነው። ሁለቱም ከተገኙ ለአንድ ገለጻ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፤ አንደኛው ሲናገር ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ይህን መስመር ከጥቅሉ አውጥታችሁ ዋጋው ስንት እንደሚቀንስ ጠይቁ። የምታገኙት መልስ ስለ ድርጅቱ ብዙ ይነግራችኋል።

ዋጋ ሲሰጣችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ እያንዳንዱን ቃል አንብቡት። «ከቫት በፊት» የሚል ካለ 15 በመቶ ጨምሩበት። «መግቢያ አይጨምርም» የሚል ካለ ደግሞ ርካሽ የመሰለው ጥቅል ርካሽ አይደለም፤ ለውጭ ዜጋ የላሊበላ መግቢያ ብቻውን ከአንድ ሌሊት አልጋ ሊበልጥ ይችላል። «ዋጋው ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ነው» ከተባለ ብቻውን የሚያድር ሰው ጭማሪ አለበት። የሆቴሉ ስም ተጽፎ «ወይም ተመጣጣኝ» ከተባለ የምታድሩት በተመጣጣኙ ነው ብላችሁ አስቡ፤ የተመጣጣኙንም ስም አስጽፉ። ዋጋው በዶላር ተነግሮ በብር የሚከፈል ከሆነ በየትኛው ቀን የባንክ ምንዛሪ እንደሚሰላ ውሉ ላይ ይግባ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተነገረ ዋጋ በመክፈያው ቀን ያው ላይሆን ይችላል።

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። ጥቅሉ ግን ለሁሉም አንድ ዋጋ ያወጣና በውጭ ዜጋ ሒሳብ ያስከፍላችኋል። የቡድኑን ስም ዝርዝር ስትሰጡ ማን የኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ማን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማን ፓስፖርት ብቻ እንዳለው ለይታችሁ ጻፉና ዋጋው ተለይቶ ይምጣ። በአገር ውስጥ በረራም እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የገባ መንገደኛ ቅናሽ ስላለው ትኬቱን ራሱ ሲቆርጥ የዓለም አቀፍ ትኬቱን ቁጥር ያሳይ። ድርጅቱ ሲቆርጥለት ቅናሹ ማን ጋ እንደሚቀር አይታወቅም።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። የቡድን ብዛት የሚጎዳው ከሁሉም በላይ ላሊበላን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ጫማ ነው። 11ዱ ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ በጫማ አይገባም። 18 ሰው ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ ይፈታል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ ጫማውን ይፈልጋል፣ ያስራል። በየቤተ ክርስቲያኑ 7 ደቂቃ ብቻ ቢባክን ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ጫማ ላይ አለቀ። ግማሽ ቀን ለተመደበለት ቡድን ይህ ማለት ከነቤተ መርቆሬዎስና ከነአባ ሊባኖስ አንዱን መዝለል ነው። ከዚያ ደግሞ ጠባብነቱ አለ። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ባለው ጨለማ ዋሻ ሰው የሚያልፈው በነጠላ ሰልፍ፣ ቀኝ እጁን ግድግዳ ላይ አድርጎ ነው፤ አስጎብኚው ፊት ሆኖ የሚናገረው ከአምስተኛው ሰው ወዲያ አይሰማም። ቤተ ማርያም ውስጥም በዓምዶቹ መካከል ተጠጋግቶ የግድግዳውን ሥዕል ማየት የሚችለው ትንሽ ቡድን ነው።

ጫማው የማያስቸግር፣ ማሰሪያ የሌለው ይሁን፤ ወፍራም ካልሲ ያዙ። ምንጣፉ ውስጥ ቁንጫ ስላለ ካልሲውን ከሱሪው ጫፍ በላይ መሳብ ነው።

ስለ ጊዜ፦ «ላሊበላ 1 ሌሊት» የሚል ጥቅል አትግዙ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ቤተ ክርስቲያናቱ በምሳ ሰዓት ከ6 እስከ 8 ይዘጋሉ። ረፋድ ላይ ያረፈ ቡድን አልጋ ይዞ ምሳ በልቶ ሲጨርስ የቀረው ከ8 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ወደ አየር ማረፊያ ነው። ሁለት ሌሊት ቢያንስ ያስፈልጋል። ከሰዓቱን ቤተ መድኃኔዓለም ላለበት የቤተ ክርስቲያናት ምድብ፣ የማግስቱን ጠዋት ቤተ አማኑኤል ላለበት ምድብ፣ ማምሻውን ለቤተ ጊዮርጊስ አድርጉት። የመግቢያ ትኬቱ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚያገለግል እንዳትጥሉት። ይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ያለ፣ በእንጨትና በድንጋይ ንብብር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከላሊበላ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ መግቢያውም ለብቻው ነው። ትልልቅ ጥቅሎች «ጊዜ ከተረፈ» ብለው የሚጽፉት እሱን ነው። ጊዜ አይተርፍም። ሦስተኛ ሌሊት የምትጨምሩ ከሆነ ለእሱ ይሁን።

አክሱም ሌላ ነው። ሐውልቶቹ ሜዳ ላይ ስለቆሙ 20 ሰውም ቢሆን ያያል፣ ይሰማል። እዚህ ዋጋ ያለው የአስጎብኚው እውቀት ነው። ወድቆ የተሰበረው 33 ሜትር ገደማ የሆነው ሐውልት፣ እስካሁን ቆሞ ያለው የንጉሥ ኢዛና ሐውልት፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 ዳግም የቆመው 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልት፤ ሦስቱን እያነጻጸረ አሠራራቸውን ከሥር እስከ ጫፍ የሚያስረዳ ሰው ከተገኘ ገንዘባችሁ አልባከነም። በጥቅል ጉዞ ቶሎ የሚታለፈው የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ነው፤ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተጻፈ ነው፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይገባዋል። ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ያለበት ይሐ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መኪና ይጠይቃል፤ ለ4 እና ለ5 ሰው አንድ መኪና ይበቃል።

ጎንደር ላይ የፋሲል ግቢ ሰፊ ስለሆነ ብዛት አያስቸግርም፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ያስቸግራል። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች አንገት አቅንቶ ለማየት ቦታ ያስፈልጋል። የግቢውን ትኬት ያዙ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፋሲል መዋኛ ላይ ይጠየቃል።

ጣና ላይ ጥቅሉ አንድ ነጥብ ያገኛል፦ ጀልባ በመቀመጫ ልክ ሲሞላ ይረክሳል። ሆኖም ፕሮግራሙ ውስጥ ክብራን ገብርኤል ካለ ልብ በሉ። ሴት አትገባበትም፤ እኩል ከፍላ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ዘጌ ላይ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ትግራይ ያለው ደብረ ዳሞም ለወንድ ብቻ ነው፤ በገመድ ነው የሚወጣው። በአክሱም ጽዮን የድሮው ቤተ ክርስቲያን፣ በላሊበላ ቤተ ጎልጎታም ሴት አይገባም። ሴቶች ያሉበት ቡድን እነዚህን ስሞች ከዋጋ ዝርዝሩ ላይ አውጥቶ ይደራደር።

መንገድን በተመለከተ ምርጫ ያለ መስሎ ይቀርባል እንጂ ምርጫ የለም፤ በበረራ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያ ጎንደር ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ላሊበላ በመኪና ሁለት ቀን ይበላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ በድንገት ይዘጋል። «በአውቶብስ ርካሽ» የሚል ጥቅል ካጋጠማችሁ መንገድ ቢዘጋ የተጨማሪ ሌሊቱን አልጋ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ፤ ውሉ ላይ ከሌለ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በበረራም ቢሆን በሁለት ከተሞች መካከል ቀጥታ መኖሩን በጉዞው ሳምንት አረጋግጡ። ከሌለ በአዲስ አበባ ዞሮ መሄድ ነውና የአንድ ሌሊት አልጋ ይጨመራል። የሰሜኑን ሁኔታ በየከተማው ካለ ሰው በስልክ ጠይቁ እንጂ በማስታወቂያ አትመኑ።

ስለ መቆሚያዎች አንድ ነገር። ትልልቅ ቡድኖች የሚወሰዱበት የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ለሾፌሩና ለአስጎብኚው ኮሚሽን ስለሚከፍል ዋጋው ላይ ተጨምሮ ይጠብቃችኋል። «የጥንት» የሚባለው የብራና መጽሐፍ አብዛኛው አዲስ ብራና ጭስ ላይ የዋለ ነው፦ ገጹ እኩል ቡኒ ይሆናል፤ ጣት የሚያርፍበት የታችኛው ጥግ ግን ከሌላው ያልተለየ ነው። በእውነት ያገለገለ መጽሐፍ የሚጠቁረው መጀመሪያ እዚያ ጥግ ላይ ነው፤ የሰም ጠብታም አያጣም። አክሱም ላይ በልጆች እጅ የሚሸጠው ሳንቲም በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል፤ ፊደሉም የደነዘዘ ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለሆነ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል። አዲስ የተቀረጸ የእንጨት መስቀል ከሠሪው እጅ መግዛት ነው የሚሻለው።

ጥቅሉ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ላሊበላ ለገና ታኅሣሥ 29፣ ጎንደር ለጥምቀት ጥር 11፣ አክሱም ለኅዳር ጽዮን ኅዳር 21 ከሆነ የምትሄዱት፣ አልጋው በወራት ቀድሞ ያልቃል፤ ቀድሞ የያዘው ድርጅቱ ነው። ያኔ ለጥቅሉ ክፈሉ፤ የአልጋ ማረጋገጫውን ግን ከሆቴሉ ራሱ ደውላችሁ አረጋግጡ። አረጋውያን ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነም እንዲሁ፤ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ደረጃውና ዳገቱ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ቢኖር ይመረጣል።

በራስ ቡድን ስትሄዱ አስጎብኚውን መንገድ ላይ አትያዙ። ባጅ ያለው፣ በማኅበሩ በኩል የተመደበ ይሁን፤ ዋጋው በቀን ነው ወይስ በሰው፣ ላሊበላ ላይ ይምርሃነ ክርስቶስን ወይም ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን ይጨምራል ወይ፣ የጫማ ጠባቂው ጉርሻ የማን ነው፤ እነዚህን ትኬት ቢሮው ደጃፍ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ። የቡድኑን ገንዘብ አንድ ሰው ይያዝ፤ ዝርዝር ብርም ይኑረው። በየደጃፉ 200 ብር አውጥቶ መልስ መጠበቅ የሁሉንም ጊዜ ይበላል።

ለድርጅት የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ቅድመ ክፍያው የአውሮፕላኑንና የአልጋውን ያህል ብቻ ይሁን፤ የቀረው ጉዞው ሲጀመር ይከፈል። በረራ ቢሰረዝ የትኛው ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ ቁጥር ይጻፍበት። «እንነጋገራለን» የሚል ውል ገንዘብ አይመልስም።

አብራችሁ ተጉዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ወደ ሰሜን ከመብረራችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ ውጡ፦ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም፣ ጥያ። አንድ መኪና ተከራይታችሁ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ጥያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች ይታያሉ፤ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ቆጥሩ። አዳዲ ማርያም ከአንድ አለት የተፈለፈለች ስለሆነች የላሊበላን ጫማ ማውለቅ እዚያ ትለማመዳላችሁ፤ ማን ሰዓት እንደሚያከብር፣ ማን ሒሳብ ላይ እንደሚያኮርፍም ያኔ ይታወቃል።