የባሕር መጻሕፍት ለምትፈልጉ፦ ለጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ዛሬ የምጽፈው አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ለማመስገን ነው፤ በዚያው ለእናንተም ልጠቁማችሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ለገሃር አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። መጽሐፉ ከወለል እስከ ጣሪያ ስለተደረደረ ሁለት ሰው እንኳን አብሮ መግባት ይከብደዋል።

አባቴ የድሮው ባሕር ኃይል ሰው ነው። ወጣትነቱን ያሳለፈው ምፅዋ ነው። ባሕር ኃይሉ በ1955 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት እሱ ገና ሕፃን ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ስለመጣችው "ኢትዮጵያ" ስለተባለችው መርከብ ግን ዛሬም አንድ ቀን ሙሉ ሊያወራችሁ ይችላል። አሁን እግሩ ስለደከመ ከቤት ብዙም አይወጣም፤ ያነባል። ስለ ባሕር የተጻፈ ነገር ሲያገኝ ደግሞ ምሳ ቢቀርብለትም አያይም።

ችግሩ መጽሐፉን ማግኘት ነው። ስለ ባሕር በር፣ ስለ አሰብ፣ ስለ ወደብ ክርክር በአማርኛ የተጻፈ አይጠፋም። ስለ ባሕሩ ራሱ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ደሴቶቹ፣ ጠረፍ ላይ ስለሚኖረው ሰው የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። አፄ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጦር አሳፍረው ቀይ ባሕርን ተሻግረዋል፤ እኛ ልጆቻቸው የባሕሩን ነፋስ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ የሚነግረን መጽሐፍ በቋንቋችን ብንፈልግ አናገኝም።

ብዙ ሱቅ ዞሬያለሁ። "የባሕር መጽሐፍ አላችሁ?" ስል የወደብ ፖለቲካ መጽሐፍ ነበር የሚወርድልኝ። ጋሼ ግን ከመደርደሪያው ምንም ሳያወርዱ ጥያቄ ጀመሩ። "አባትሽ ያገለገሉት መርከብ ላይ ነው የብስ ላይ? እንግሊዝኛ ያነባሉ? ታሪክ ነው የሚወዱት ወይስ የመርከብ ሥራውን? ዓይናቸውስ እንዴት ነው?" የመጨረሻውን ጥያቄ ሌላ ሻጭ ጠይቆኝ አያውቅም። የአባቴ ዓይን ደክሟል። ደቃቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ ብወስድለት ሁለት ገጽ ሳይዘልቅ ያስቀምጠዋል።

መጀመሪያ የሰጡኝ "የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ" የሚባለውን ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ይኖር የነበረ፣ ስሙ የማይታወቅ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የባሕር ንግድ መመሪያ ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ1912 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የባለቤትነት መብቱ ካለፈበት ቆይቷልና ጋሼ ፊደሉን አጉልተው አሳትመው፣ በጨርቅ ጀርባ ጠርዘው ሰጡኝ። መጽሐፉ ትንሽ ናት፤ ውስጧ ያለው ግን ብዙ ነው። ከአዱሊስ፣ ማለትም ከጥንቱ የአክሱም የቀይ ባሕር ወደብ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይወጣል። ከውጭ ደግሞ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ መጥረቢያ፣ ወይን ጠጅ፣ የወይራ ዘይት፣ የሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይገባል። ከአዱሊስ ወደ ውስጥ ቆሎኤ ወደምትባል ከተማ የ3 ቀን መንገድ ነው፤ ከዚያ እስከ አክሱም ሌላ 5 ቀን። ከአዱሊስ ወዲያ ባለ የባሕር ወሽመጥ ባልጩት እንደሚገኝም ተጽፏል። የአገሩን ገዥ ዞስካሌስን ደራሲው ገንዘብ ላይ ቆጣቢ፣ በሌላው ግን ጨዋና የግሪክ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ነው ይለዋል።

አባቴን የያዘው ግን የነፋሱ ነገር ነው። መጽሐፉ ከግብፅ ወደ አዱሊስ ለመምጣት ጥሩው ወር መስከረም ነው ይላል። አባቴ ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ብድግ አለ። "እውነቱን ነው!" አለኝ። ከዚያ አስቀምጦ አስረዳኝ። በሰሜኑ የቀይ ባሕር ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚነፍሰው። በደቡቡ ክፍል ግን በክረምት ከሰሜን ይመጣና ጥቅምት አካባቢ ተገልብጦ ከደቡብ መንፈስ ይጀምራል። ስለዚህ ባለ ሸራው መርከብ ነፋሱ ሳይዞርበት እስከ አዱሊስ ተገፍቶ መድረስ አለበት። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። አዱሊስን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ይህን ግን ያወቅሁት ያን ቀን ከአባቴ ነው።

ከዚያ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስተስን አመጡልን። የእስክንድርያ ነጋዴ ነበር፣ ኋላ የመነኮሰ። ጋሼ መጽሐፉን ሲሰጡኝ፣ "ስለ ምድር ቅርጽ የሚለውን ከፈለጉ ይዝለሉት፣ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ነው የሚሟገተው። አዱሊስ ላይ ሲደርስ ግን ቀስ ብለው ያንብቡት በያቸው" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ኮስማስ አዱሊስ የደረሰው አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር (የዛሬዋ የመን) ለመዝመት ሲሰናዱ ነው። የከተማዋ ገዥ አስባስ እዚያ በነበሩት ዙፋንና ሐውልት ላይ ያለውን የግሪክ ጽሑፍ እንዲገለብጥ አዘዘው፤ ሜናስ ከሚባል ጓደኛው ጋር ሆኖ ገለበጠው። ዛሬ ዙፋኑም ሐውልቱም የሉም። የቀረው የእሱ ግልባጭ ብቻ ነው። በዙፋኑ ላይ ድሉን ያስጻፈው የአክሱም ንጉሥ ስሙ ስላልደረሰን ማን እንደሆነ እስካሁን አይታወቅም። አንድ ነጋዴ በእጁ ባይገለብጠው ኖሮ እንዲህ ያለ ንጉሥ መኖሩንም አናውቅም ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

በጣም የማመሰግናቸው ግን በሌላ መጽሐፍ ነው። የእንግሊዝ አድሚራልቲ (የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት) ለመርከበኞች የሚያሳትመው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ መመሪያ አለ። ጠረፉን፣ መልሕቅ የሚጣልበትን ቦታ፣ ከውሃ በታች የተደበቁ አለቶችን፣ ለመርከብ የሚበሩ መብራቶችን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አባቴ በሥራ ዘመኑ የሚያውቀው መጽሐፍ ነው። የድሮ እትሙን አንድ ጊዜ እንኳን ዳግም ቢያይ ምኞቱ ነበር። ጋሼ ወራት ፈጅቶባቸው አገኙት። ያገኙ ዕለት ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የነገሩኝ ጉድለቱን ነው። "ጀርባው ተገንጥሏል፣ ከመጨረሻው ጥቂት ቅጠል የለውም፣ አንዱ ሥዕል ተቀዷል። አይተሽ ካልወደድሽው አትግዢው" አሉኝ።

ወደድኩት። ግን ወዲያው አልሰጡኝም። "እንዲህ ሆኖ ለሽማግሌ አይሰጥም" ብለው ለጥገና አስቀሩት። የተቀደደውን ገጽ በስስ ወረቀትና በስንዴ ዱቄት ሙጫ ነው የሚያያይዙት። ስኮች ፕላስተር ሱቃቸው ውስጥ አይገባም። ቆይቶ ይቢጫል፣ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻል፣ ልንቀለው ቢሉ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ቤታችሁ በፕላስተር የተለጠፈ የቆየ መጽሐፍ ካለ አይታችሁታል። ጀርባውን በክር ሰፍተው መለሱት። አሁን መጽሐፉ ሲከፈት ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ አባቴም በእጁ መያዝ አያስፈልገውም። ስለ ዳሕላክ ደሴቶች የሚለውን ክፍል ጮክ ብሎ ያነብልናል። አንዳንድ ቦታ ይቆምና፣ "እዚህ ጋ ጠልቄ አውቃለሁ" ይላል። ልጆቼ ከአያታቸው ይህን ሁሉ ሰምተው አያውቁም ነበር።

ስለ ሐቀኝነታቸው አንድ ነገር ልጨምር። የፖርቱጋሉን ቄስ የአልቫሬዝን መጽሐፍ ልገዛ ጠይቄያቸው ነበር፣ በ1520 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ከወረዱት መልእክተኞች ጋር መጥቶ 6 ዓመት የኖረውን። ሱቃቸው ውስጥ ነበር፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። "ግሩም መጽሐፍ ነው" አሉኝ፣ "ግን ባሕሩ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ደጋው ይወጣል። ለአባትሽ ከሆነ ገንዘብሽን አታውጪ፣ ለራስሽ ከሆነ ግን ውሰጂው።" ለራሴ ወሰድኩት።

ሌላው ደግሞ የደራሲ መብት ነው። ዛሬ ገና ገበያ ላይ የዋለ የአማርኛ መጽሐፍ በሳምንቱ ፎቶ ኮፒው እግረኛ መንገድ ላይ ይሸጣል፣ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይዞራል። ጋሼ አይነኩትም። አባዝተው የሚጠርዙት መብቱ ያለፈበትን የጥንት መጽሐፍ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ጠይቃችሁ ከሌላቸው ወደ አሳታሚው ይልኳችኋል። በዚህ ብቻ ገበያ እንደሚያጡ አውቃለሁ፤ ስለዚህም የበለጠ አከብራቸዋለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፦ ጋሼ አይቸኩሉም። ጥገና ከሆነ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ያልተገኘ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ወራት። መጽሐፉ ሳይገኝ ቀብድ አይቀበሉም። ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው፣ ብዙ መከራከር ግን አይወዱም። በቴሌብር ይከፈላቸዋል። ክፍለ ሀገር ላላችሁ በአውቶቡስ ይልካሉ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ብትልኩ ጠቅልለው ያስረክባሉ። የባሕር መጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚሸጡት፤ የሕግም፣ የልብ ወለድም፣ የቆየ መጽሔትም አላቸው። እኔ የማውቀውን ብቻ ነው የጻፍኩት።

በእሳቸው ስም አንድ ጥያቄም አለኝ። የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት ወይም ቤተሰቦቻቸው ቤት የድሮ የማስተማሪያ ደብተር፣ የባሕር ካርታ፣ የባሕር ኃይል ኮሌጅ መጽሐፍ ካለ እንዳትጥሉት። ጋሼ ይገዛሉ፤ መሸጥ ካልፈለጋችሁም ጠግነው ይመልሱላችኋል። አባቴም ለማየት ጓጉቷል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ጥገና ላይ ናቸው።