የኤምሬቶች በረሃ በዋሽንግተን ሣር ላይ፦ የስሚዝሶኒያን የሕዝብ ባሕል ፌስቲቫል ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ2022 በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ በዋሽንግተን ዲሲ ናሽናል ሞል በሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ የተካሄደው፣ ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም የሚያዘጋጀው የሕዝብ ባሕል ፌስቲቫል፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለሁለት ዓመት በአካል ሳይዘጋጅ ከቆየ በኋላ የተመለሰበት ነበር። ከዓመቱ ሁለት ዋና ፕሮግራሞች አንዱ ለተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ባሕል፣ ሌላው ለተፈጥሮ ጥበቃ የተሰጠ ሲሆን፣ እዚህ የምመዝነው የኤምሬቶቹን ብቻ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ፕሮግራሙ ተመልካቹን ከአንድ ባለሙያ እጅ አጠገብ ሲያስቀምጠው እጅግ ጠንካራ ነው፣ ወደ መድረክ በወጣ ቁጥር ግን ጉልበቱን ያጣል።

ፌስቲቫሉን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዝግጅቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1998 ነው። መግቢያው ነጻ ስለሆነ፣ ስሚዝሶኒያን ከሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ሣሩ የገባ ሰው ሁሉ ተመልካች ነው። ዙሪያውን ከቆሙት ሙዚየሞች የሚለየው፣ የሙያው ባለቤት ራሱ ከነመሣሪያው ተገኝቶ እየሠራ ለሚጠየቀው መልስ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ እኔም መለኪያ ያደረግሁት ከሠሪዎቹ ጋር ምን ያህል መቀራረብ እንደተቻለ ነው።

በዚህ መለኪያ የሳዱ ሸማኔዎች ድንኳን ከሁሉ ይበልጣል። ሳዱ በደዊን የሚባሉት የበረሃ ዘላኖች ሴቶች ከበግ፣ ከፍየልና ከግመል ፀጉር ፈትለው የሚሠሩት ሽመና ነው። መሣሪያው መሬት ላይ የተዘረጋ ድር፣ ጥቂት እንጨትና ካስማ ብቻ ነው፤ እግር የሚገባበት ጉድጓድም ሆነ ከፍ ብሎ የቆመ ማዕቀፍ የለውም። ሸማኔዋ እግሯን ዘርግታ ከጨርቁ ጫፍ ትቀመጣለች፣ ድሩን በእጇ እየለየች ማጉን ታሳልፋለች፣ ከዚያም በሚዳቋ ቀንድ ሹል ጫፍ ማጉን ወደ ራሷ ሳብ ሳብ እያደረገች ታጠብቀዋለች። ጨርቁ ሲያልቅ ማጉ ከድሩ ሥር ተደብቆ ስለሚቀር፣ የቀዩ፣ የጥቁሩና የነጩ ቀለም አሰላለፍ በድሩ ላይ አስቀድሞ የሚወሰን ነው።

የመሣሪያው ቀላልነት ከአኗኗሩ የመጣ ነው። ቤተሰቡ ግጦሽ ፍለጋ ሲነሣ ካስማው ይነቀላል፣ ያላለቀው ጨርቅ ከነድሩ ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል፣ በአዲሱ ሰፈር ደግሞ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ጨርቁ በጠባቡ የሚሠራ በመሆኑ ለድንኳን ሲፈለግ ብዙ ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። የፍየል ፀጉር ዝናብ ሲነካው ስለሚያብጥ የጨርቁ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ነፋስ ያሳልፋል። አንዲት ወጣት ጎብኚ እንዝርቱን ተቀብላ ለመፍተል ስትሞክር ክሩ እየደጋገመ ተበጠሰባት፤ ሸማኔዋም ምንም ሳትናገር የልጅቷን አውራ ጣት ይዛ ፀጉሩን ምን ያህል መጫን እንዳለባት አሳየቻት። አስተርጓሚዋ አጠገባቸው ቆማ ነበር፣ ነገር ግን የሚተረጎም አልነበረም። ዩኔስኮ ሳዱን እ.ኤ.አ. በ2011 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው፣ ነዳጅ ካመጣው ለውጥ በኋላ ዘላኖቹ በከተሞች ሰፍረው ሙያው በአብዛኛው በዕድሜ በገፉ ሴቶች እጅ በመቅረቱ ነው፤ የልጅቷን አውራ ጣት የያዘችው እጅም ወጣት አልነበረችም።

ከሳዱ ቀጥሎ ታሊ የሚባለውን የጥልፍ ጌጥ ማየት ተገቢ ነው። ሴቶቹ ከፊታቸው ባለ እግር የብረት ማስቀመጫ ላይ ክብ ትራስ አኑረው፣ የጥጥ ክሮችን ከሚያብረቀርቅ የብረት ክር ጋር እየጎነጎኑ ለቀሚስ አንገትጌና እጅጌ የሚሆን ጥብጣብ ያወጣሉ። ጣቶቹ በጣም ስለሚፈጥኑ ዓይን ተከትሎ መያዝ አይችልም፤ ቀስ ብለው እንዲያሳዩ መለመን ያስፈልጋል፣ ሲለመኑም ያሳያሉ። ታሊ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ከዚህ ፌስቲቫል ጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ዓመት ነው። የቴምር ዛፍ ዝንጣፊ የሚታታበት ሥራ፣ ማለትም ምንጣፉ፣ ማራገቢያው፣ ቅርጫቱና የምግብ መክደኛው፣ ስፌት ለሚያውቅ ዓይን ብዙ አዲስ ነገር የለውም፤ ሆኖም አንድ ዛፍ ምግብም፣ ገመድም፣ የቤት ግድግዳም ሆኖ ማገልገሉን ለመረዳት ቆም ማለቱ አይከፋም።

ቡናው ራሱን የቻለ ፍርድ ይገባዋል። የባሕረ ሰላጤው ቡና እምብዛም ሳይቆላ ተወቅጦ ከሄል ጋር፣ አንዳንዴም ከሳፍሮን ጋር ይፈላል፤ ጥቁር ቡና የለመደ ምላስ የመጀመሪያውን ስኒ ሻይ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ሥርዓቱ ግን እንደ ጣዕሙ ቀላል አይደለም። ቀጂው ደላ የሚባለውን ጀበና በግራ እጁ ይይዛል፣ እጀታ የሌለውን ስኒ በቀኝ እጁ ያቀርባል፣ እንግዳውም በቀኙ ይቀበላል። ስኒው ከሩቡ ብዙም አልፎ አይሞላም፤ ተሞልቶ የቀረበ ስኒ እንግዳውን ጠጥተህ ሂድ እንደማለት ይቆጠራልና። ልማዱ ከአንድ እስከ ሦስት ስኒ መጠጣት ቢሆንም፣ እንግዳው ካላመለከተ ቀጂው መጨመሩን አያቆምም፤ በቃኝ ለማለት ስኒውን ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ያልተነገረው አንድ ጎብኚ አጠገቤ ተቀምጦ በትሕትና እየጠጣ፣ በትሕትና እየተቀዳለት፣ ላቡ በግንባሩ እስኪወርድ ድረስ ሲቸገር ሽማግሌው ሥቀው ምልክቱን በእጃቸው አሳዩት። ከዚህ የተሻለ የእንግዳ አቀባበል ትምህርት በየትኛውም ጽሑፍ አይገኝም። ቡናው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በኤምሬቶች ብቻ ሳይሆን በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኦማንና በኳታርም ስም መሆኑን ልብ ይሏል፤ የበረሃ ባሕል የአገር ድንበር ከመሰመሩ በፊት የነበረ ነው።

ጭልፊት አርቢዎቹ ዘንድ ሕዝብ ይበዛ ስለነበር ገና ሲከፈት መሄድ ይሻል ነበር። በደዊኖች ወፏን ያላምዱ የነበረው ለጨዋታ አልነበረም፤ በቴምርና በወተት ለሚኖር ቤተሰብ የምታመጣው ሥጋ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ በአገሪቱ የዱር እንስሳትን ማደን በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ብዙዎች ወፎቻቸውን በሰው ሠራሽ ማባበያ ያሠለጥናሉ፤ ከአገር ሲወጡም የወፎቹ የራሳቸው ፓስፖርት ይያዝላቸዋል። ይህ የፓስፖርት ነገር ከልጆቹ ይልቅ ወላጆችን ሲያስገርም ነበር።

አሁን ወደ መድረኩ ልሂድ። አያላ የኤምሬቶችና የኦማን የጋራ የወንዶች ጭፈራ ሲሆን፣ ሃያ ያህል ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ረድፎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ጦርን የሚወክል ቀጭን የቀርከሃ በትር ይዘው፣ ከበሮውን እየተከተሉ ራሳቸውንና በትራቸውን በአንድነት ያንቀሳቅሳሉ፣ ግጥምም ያዜማሉ። ውበቱ በመደጋገሙና በመርዘሙ ነው። በሠርግና በብሔራዊ በዓል ሲጨፈር ማንም አይቸኩልም፤ ተመልካቹም ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለሆነ ግጥሙን ያውቀዋል። በቀትር ፀሐይ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ቀጣዩን ዝግጅት ለማየት ሰዓቱን በሚመለከት ሕዝብ ፊት ሲቀርብ ግን የሚቀረው ነጭ ልብስና የተስተካከለ ሰልፍ ነው። ጨፋሪዎቹ ችሎታ አላነሳቸውም፤ ሠርግ የሌለበት የሠርግ ጭፈራ የትም ቢቀርብ የሚገጥመው ይኸው ነው።

የባሕሩ ታሪክም በተመሳሳይ ምክንያት ሣሩ ላይ ይከብደዋል። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የጠረፉ ሕዝብ ዋና መተዳደሪያ ዕንቁ ማውጣት ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ በእግሩ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል፣ በገመድ ይሳባል፤ ነሃም የተባለው አዝማሪ ደግሞ በመርከቧ ላይ እያዜመ ሠራተኞቹን ያበረታታል። ዋናው ወቅት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በመሆኑ፣ ፌስቲቫሉ በተካሄደባቸው ሳምንታት የዛሬ መቶ ዓመት ወንዶቹ ባሕር ላይ፣ ብዙ ቤተሰቦችም ሙቀቱን ሸሽተው በቴምር ጥላ ሥር በነበሩ ነበር። የባሕሩን ዜማ የሰማ ሰው ስለ ዕዳውም ይጠይቅ እላለሁ፤ ብዙ ጠላቂዎች ለመርከቡ አለቃ ባለዕዳ ሆነው የሚኖሩ ነበሩ፣ በ1930ዎቹ የጃፓን እርባታ ዕንቁና የዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ንግዱን ሲያደቁትም መጀመሪያ የተራቡት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ የአገር ፕሮግራም ከእንግዳው አገር ተቋማት ጋር በመተባበር የሚሰናዳ ስለሆነ መራራው ገጽ በራሱ ጊዜ ወደ ፊት አይመጣም። ባለሙያዎቹ ግን ሲጠየቁ አይሸሽጉም፤ የአያቱን ዕዳ ከመርከቡ ስም ጋር አያይዞ የሚያወራ ሰው አግኝቻለሁ።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ባሕሩ ያመጣው ሰው ነው። በባሕረ ሰላጤው ጠረፍ የሚጨፈረው ሊዋ ሥሩ ከምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ የወጡ ቅመም ከሕንድ ነው፤ ዛሬም ከአገሪቱ ነዋሪዎች አብዛኞቹ የሌላ አገር ዜጎች ናቸው፣ ከእነሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ቀላል ቁጥር የላቸውም። በረሃው ባዶ ሆኖ እንደማያውቅ ካላስታወሱ ድንኳኖቹን በሙሉ ዞሮ እንኳ አገሪቱን በግማሽ ብቻ ማየት ይሆናል።

እንዲህ ላለው ፌስቲቫል የሚሄድ ሰው ውኃና ባርኔጣ ይያዝ፤ የዋሽንግተን የበጋ ሙቀት ወበቃም ነው፣ ሞሉ ላይም ጥላ በቂ አይደለም። ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ የሥራ ቀን ይመረጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት የሚሮጥ ምንም አያይም፤ ሁለት ድንኳን መርጦ፣ ባለሙያው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ጭምር ታግሦ መቀመጥ ነው የሚያዋጣው። ጭፈራ የሚወድ ከመድረኩ ፊት ከመሰለፍ ይልቅ ወደ ኋላ ዞሮ ከበሮ መቺዎቹ ከበሮአቸውን ሲወጥሩ ይመልከት፤ ጥያቄ የሚመልሱትም በዚያ ሰዓት ነው።