እምቦጭ ለማገዶ፦ ጋዙ ይሻላል ወይስ ከሰሉ?

ጣና ላይ መግባቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ለእምቦጭ ያልተባለለት ጥቅም የለም። ማገዶነቱ ግን ሚዛን ላይ ሲወጣ ከወሬው ያንሳል። 100 ኪሎ ትኩስ እምቦጭ ውስጥ 94 ኪሎ ገደማው ውሃ ነው። ሐይቁ ዳር ሳያደርቅ መኪና የሚጭን ሰው ኪራይ ከፍሎ ውሃ ያመላልሳል።

ከሰሉ አያዋጣም። ከቀረው 6 ኪሎ ደረቅ 2 ኪሎ ከሰል ቢወጣ ነው፤ የዚያም ግማሽ ያህሉ አመድ ነው። ከከሰሉ የሚጠፈጠፈው ጡብ ተቃጥሎ አልቆም ቅርጹን እንደያዘ ምድጃው ላይ ይቆማል፣ ሲነኩት ይናዳል። ለቡና ይበቃል፤ ሽሮ ለማንተክተክ ግን ማራገቢያ ከእጅ አይወርድም። ሥሩ ከነጭቃው ከከሰለማ ይብሳል። መግዛት ካለብዎት፣ በጣት ሲጫኑት የሚላላውንና ሲያያዝ የሚያጨሰውን ይተዉ።

ባዮጋዙ ይሻላል፣ ለዚያውም ከእበት ጋር። ስንዱ የሚባለው ባለ ጉልላት ማብላያ (እበቱ አየር ሳያገኝ በስብሶ ጋዝ የሚሰጥበት ጉድጓድ)፣ ባለ 6 ሜትር ኩቡ፣ በቀን 40 ኪሎ ገደማ እበትና 40 ሊትር ውሃ ይበላል። ከእበቱ 10 ኪሎ ቀንሶ በእምቦጭ መተካት ይቻላል፤ ውሃውም ወደ 30 ሊትር ይውረድ፣ እምቦጩ የራሱን ይዞ ይመጣልና። ከዚህች 10 ኪሎ የሚገኘው ጋዝ 150 ሊትር ገደማ ነው፦ ግማሽ ሰዓት የምድጃ እሳት። የቀረው 30 ኪሎ እበት ከ1,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። እንግዲህ እምቦጭ እበት ያነሰበትን ቤት ይደግፋል እንጂ ላም አይተካም። የእንጀራ ምጣድም በተራው የጋዝ ምድጃ አይታሰብ።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው አዘገጃጀቱ ነው። የእምቦጭ አገዳ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ስለሆነ ሙሉውን ሲጨምሩት ማብላያው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ውሎ አድሮ ወፍራም ቅርፊት ሠርቶ ጋዙን ያፍናል፣ ማስገቢያውንም ይደፍናል። መፍትሔው ሥሩን ቆርጦ መጣል፣ ቀሪውን ሁለት ቀን ማጠውለግ፣ ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መክተፍና ማደባለቂያው ገንዳ ውስጥ ከእበቱ ጋር በደንብ ማሸት ነው። በ3 ኪሎ ጀምሮ በየሳምንቱ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከተሞላ ይኮመጥጣል፤ ግፊት መለኪያው ጋዝ አለ ይላል፣ ክብሪቱ ሲጫር ግን አይያያዝም። ያን ጊዜ እምቦጩን ማቆም፣ እሳቱ እስኪመለስም ትንሽ እበት ብቻ መስጠት ነው።



ሌላው ዘሩ ነው። ማብላያው የዘሩን ሁሉ ሕይወት አያጠፋም፣ ዘሩ ደግሞ ዓመታት ይቆያል። ወይን ጠጁ አበባ ሳይወጣ ይታጨድ፤ አብቦ የታጨደ ከገባበት ዝቃጩ መስኖ ቦይ አጠገብ አይፍሰስ።