«ሙሉ ፓኬጅ» እያሉ የሚሸጡላችሁን ኮንሶል ተጠንቀቁ

ጌም በዲስክ የምትገዙ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የቆየውን ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) በአዲስ ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ የሰበሰባችኋቸው ጌሞችም ካሉ፣ ገንዘባችሁን ከኪስ ሳታወጡ ይቺን አንብቡ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ቲሸርቱ ላይ የጌም ገጸ ባሕርይ የታተመበት፣ ገና ከበሩ ስትገቡ «ወንድሜ፣ የመጣህበትን አውቄዋለሁ» የሚለው ልጅ። ኮንሶሉ፣ ሁለት ጌም፣ አንድ ተጨማሪ ጆይስቲክ፣ የዓመት ሰብስክሪፕሽን፤ ሁሉም በአንድ ዋጋ፣ ሁሉም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። ስሙ «ሙሉ ፓኬጅ» ነው። የሱቁንም የኮንሶሉንም ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው። «የድሮ ጌሞቼን ያጫውታል?»

«ሁሉንም» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ። «አንድም አይቀርህም።» ዲስክ መሆናቸውን ነግሬዋለሁ። እንዲያውም በጣቶቼ ክብ ሠርቼ አሳይቼዋለሁ። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ካርዴን ተቀበለኝ።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። አገላበጥኩት። ከፊት ልሙጥ፣ ከጎን ልሙጥ፣ ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። አብረው የመጡትን ሁለቱን ጌሞች ከፈትኩ። ያ ትልቅ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ክብ ቦታ ላይ፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተሰክታለች። የሚፋቅ ኮድ ናት። አንዱን ፍቄ አስገባሁት፣ ሌላውን እንዳለ ተውኩትና ዕቃውን ተሸክሜ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ያው ልጅ ካርቶኑን ተቀብሎ ከሥር ገለበጠው። ባርኮዱ አጠገብ ካለች መስመር በታች ጥፍሩን አስቀመጠና ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «የዲስክ። ማስገቢያ። የለውም።» ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። «ሁሉንም ያጫውታል አላልክም?» ስለው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ያጫውታል አልኩ እንጂ በዲስክ አላልኩም፤ ጌሙን ከኦንላይን ስቶር ከገዙት ያጫውታል» አለኝ። ልብ በሉ፣ ሲሸጥልኝ «ወንድሜ» ያለኝ ሰው አሁን በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ። በገንዘቤ የገዛሁትን ጌም ደግሜ እንድገዛ እየመከረኝ ነው እኮ!

«ኮዱን ፍቀዋል?»

«አንዱን ብቻ።»

«እንግዲያው ፓኬጁ ተነክቷል። አንመልስም።»

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ አጠገቡ ያለው ባልደረባው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እስካሁን በዲስክ የሚጫወት አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ይሄም ይቅር። ደሜን ያፈላው የመጨረሻው ነው። ልጁ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ዲስኮቹ ካላስፈለጉዎት እኛ እንገዛዎታለን» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ላንዷ ዲስክ እንኳ የማይሆን፣ ለሁሉም በጅምላ። ቀና ስል ከጀርባው ያገለገሉ ዲስኮች የሞሉበት መደርደሪያ አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ ደህና ዋጋ ተለጥፏል። ዲስክ የማይቀበል ኮንሶል ይሸጥልሃል፣ ሥራ ያጡትን ዲስኮችህን በርካሽ ይገዛሃል፣ ከዚያ ማስገቢያ ላለው ሰው በውድ ይሸጠዋል። ከአንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ!

ታዲያ ይሄንን ብልጠት የፈለሰፈው ልጁ አይደለም። ከላይ የመጣ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሶኒ በ2020 ፕሌይስቴሽን 5ን ለአሜሪካ ገበያ ሲያወጣ ሁለት ዓይነት አድርጎ ነበር፤ ማስገቢያ ያለው 499 ዶላር፣ የሌለው 399 ዶላር። ውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰርም ግራፊክስም አንድ ነው። ያ የመቶ ዶላር ቅናሽ ግን ለእኛ ከማዘን የመጣ አይመስለኝም። ዲስክ የማይገባበት ኮንሶል የገዛ ሰው ጌም የሚያገኝበት በር አንድ ብቻ ነው፣ የኩባንያው ስቶር። እዚያ ከሚሸጠው የሌሎች ጌም ደግሞ የስቶሩ ባለቤት 30 በመቶ ገደማ ይቆርጣል። ከጓደኛህ ዲስክ ብትዋስ ወይም ያገለገለ ብትገዛ ግን ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም።

ኮንሶሉማ ብዙ ጊዜ አያተርፋቸውም። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ 499 እና 599 ዶላር ተብሎ፣ ያን ያህል ተወዶ እንኳ ሶኒ የሚሸጠው በኪሳራ ነበር። በ2021 ጌም ሠሪው ኤፒክ ጌምስ አፕልን በከሰሰበት ችሎት ላይ የማይክሮሶፍቷ ምክትል ፕሬዚዳንት ሎሪ ራይት ከኤክስቦክስ ኮንሶል ሽያጭ አትርፋችሁ ታውቃላችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አትርፈን አናውቅም የሚል ነበር። ትርፉ ያለው ከዚያ በኋላ በምንገዛው ነገር ላይ ነው፤ በጌሙ፣ በሰብስክሪፕሽኑ፣ በጆይስቲኩ። ስለዚህ ኮንሶሉ ከረከሰ የቀረውን ከየት ሊያገኙት እንዳሰቡ መጠርጠር ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን ላይ ያገለገለ ጌም በነፃነት እንዳይሸጥ ገደብ ሊያደርግ፣ ኮንሶሉም በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት እንዲገባ ሊያስገድድ ነበር። ተጫዋቹ አገር ይያዝልኝ አለ፣ ኩባንያውም ብዙም ሳይቆይ ተወው። ያን ጊዜ ሶኒ አንድ ሰው ለሌላው የጌም መያዣ ሲያቀብል የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ለቆ «ጌም የምንዋዋሰው እንዲህ ነው» እያለ ሲያላግጥባቸው ሁላችንም አጨበጨብን። ያው ሶኒ በ2024 ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮን በ699.99 ዶላር ሲያወጣ ማስገቢያው የለም፤ ከፈለግክ ለብቻው ግዛ፣ መጀመሪያ ስትገጥመውም ኢንተርኔት ያስፈልግሃል። መከልከል ጩኸት እንደሚያመጣ አይተዋል። ቀዳዳውን ሳይሠሩት መተው ግን ያን ያህል አላስጮኸም።

ኒንቴንዶም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በ2025 የወጣው ኮንሶሉ ስዊች 2 በዲስክ ፋንታ የጌም ካርድ ይቀበላል፣ እውነት ነው፤ ግን ከካርዶቹ አንዳንዶቹ ቁልፍ ብቻ ናቸው፣ ጌሙን ከኢንተርኔት ማውረድ የአንተ ጣጣ ነው። የስቶር ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። የኒንቴንዶ የድሮ ኮንሶሎች የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ ስቶር ሽያጭ በ2023፣ የኤክስቦክስ 360ው በ2024 ተዘግቷል። የተገዛውን መልሶ ማውረድ ባይከለከልም አዲስ መግዛት የለም። የእኔ ዲስኮች ግን የማንንም ስቶር መከፈትና መዘጋት አይጠብቁም ነበር፤ ማስገቢያ ቢኖር ኖሮ።

ወደ እኔ ጉዳይ ስመለስ፣ ኃላፊው የለም ተብያለሁ። መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። የስልክ ቁጥሩን ስጠይቅ «ካርቶኑ ላይ አለ» ተባልኩ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው የአምራቹ ነው፣ አምራቹ ደግሞ ወደ ሻጩ ነው የሚመልሰኝ።

የምትገዙ ከሆነ «ያጫውታል ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ። ዲስካችሁን ይዛችሁ ሂዱና «እዚሁ አስገባልኝ» በሉት። ማስገቢያ ለብቻው የሚሸጥለት ሞዴል ከሆነ የእሱን ዋጋ ደምሩበት፣ ያን ጊዜ ቅናሹ ይጠፋል። «ሙሉ ፓኬጅ ነው» ካላችሁ የጌሙን መያዣ እዚያው አስከፍቱት። ደረሰኙ ላይ «ዲስክ ያጫውታል» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ውጡ። ኮዱን ደግሞ ኮንሶሉን አገላብጣችሁ ሳታዩ እንዳትፍቁት።